ይመር አልተሸከመኝም

ይመር ተሸክሞኝ አያውቅም። ከሁሉ በፊት ይሄ ይመዝገብልኝ። አር-ሪስ ተራራ ላይ እስከ መጨረሻው ኩሬ ድረስ የወጣሁት በገዛ እግሬ ነው፤ ስወጣም ባዶዬን አልነበርኩም። እሱ ግን «እትዬ ዘይነብን አዝዬ ነው ያወጣኋት» ብሎ ለአሠሪያችን ነገረ፤ ሳምጣ ወርዶ ለአገር ልጅ ነገረ፤ ባይሽ በምትባለው ከተማ ዙሪያ ያሉ የእርሻ ሠራተኞች ሳይቀሩ ሰሙት። ሳያስተባብል አገሩ ገባ። ሳያስተባብልም ሞተ፤ አላህ ይርሐመው።

መርዶውን ያረዳችኝ ልጁ ከድጃ ናት፤ ከለጋምቦ ደውላ። እሷም አልቅሳ፣ እኔም አልቅሼ፣ ትንሽ ጋብ ሲልልን «እማማ፣ አባቴን አውፍ ይበሉት» አለችኝ። እኛ ዘንድ ወግ ነው። ሰው ሲሞት የሰው ሐቅ ይዞ እንዳይሄድ ቤተሰቡ አብረውት የኖሩትን ሁሉ ይቅርታ ይለምንለታል። ሌላው ሰው «አውፍ ብያለሁ» ይልና ስልኩን ይዘጋል። እኔ ግን የምር ሐቅ ነበረኝ።

«እላለሁ ልጄ» አልኳት። «ምን እንዳደረገኝ ግን አስቀድመሽ ስሚ። ያልተነገረ በደል አውፍ አይባልም።»

ልጅቷም ሰማችኝ። እንግዲህ ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ የማሰፍረው።

ይመርን ያወቅኩት በፍየሎቹ በኩል ነው። እኔ ዓረብ አገር፣ ጂዛን ውስጥ ሳምጣ በምትባል ከተማ፣ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ቤት ወጥ እሠራለሁ። የቤቱን ጌታ ሁላችንም ባባ ነው የምንለው። ባባ አር-ሪስ ተራራ ላይ ፍየሎች አሉት፤ ይመር የእነሱ እረኛ ነበር። ዒድ ሲደርስ የሚታረዱትን በፒክአፕ ጭኖ ይወርድና በወጥ ቤቴ በር ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚገባው አበባው ነው። የዚያ ተራራ ወንዶች ራሳቸው ላይ የአበባና የጥሩ ሽታ ቅጠል ጉንጉን ይደፋሉ፤ ይመርም ከእነሱ ተምሮ ያንን ደፍቶ ይመጣል። ጺሙ የሸበተ ሰው!

«ይመር፣ ማንን ልታገባ ነው?» እለዋለሁ።

«አንቺ እሺ ካልሽ ዛሬውኑ ኒካሕ ይታሰር» ይለኛል፤ የልጅ ልጆች እንዳሉኝ እያወቀ።

ፍየሎቹን በሰው ስም ነበር የሚጠራቸው፤ ያውም በተጣላው ሰው ስም። አንዲት ቀንዷ የተጣመመ እምቢተኛ ፍየል ነበረችው፤ እሷን ዘይነብ አላት። አንድ ቀን ለአገር ልጆች ደውሎ «ዘይነብ ገደል ገብታ ሬሳዋን ሳወጣ ዋልኩ» ብሏቸው ሳምጣ ውስጥ ልቅሶ ሊቀመጡልኝ ምንም አልቀራቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሲያወራ ይጨምራል፣ ይቀጥላል፣ ያስጌጣል። አንድ ነገር ግን አያደርግም፤ ለቀልዱ አይምልም። «ወላሂ በል» ካሉት «ፍየሎቹ ብቻቸውን ናቸው» ብሎ ይነሳል፤ ፍየሎቹ ተራራ ላይ ቀርተው እሱ ሳምጣ ቢሆንም እንኳ። ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እኔ ልብ ብያለሁ።

ወደ በደሉ ልመለስ። የጂዛን ሰው ዝናብ ጣለ ሲባል ቤቱ አይቀመጥም። እኛ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት እንሮጣለን፤ እነሱ ወደ ዝናቡ ይሮጣሉ። ያን ጊዜም ተራራው ላይ ቀን ከቀን ዘንቦ ኩሬዎቹ ሞሉ ሲባል ባባ ቤተሰቡን በሙሉ መኪና ላይ ጫነ። እኔ በማለዳ ተነስቼ ሩዝና ሥጋውን ሠራሁ፤ ትልቁን ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር አብሬው ተቀመጥኩ። የሳምጣን አቧራና ሙቀት ትተን ሽቅብ መጠምዘዝ ስንጀምር ባባ ማቀዝቀዣውን አጠፋና መስኮቱን ከፈተው። እውነተኛ ብርድ ገባ። ስንት ጊዜዬ ብርድ ካገኘኝ! ፊቴን አውጥቼ ሰጠሁት።

ባባ መንገዱን ሙሉ ስለ ተራራው ነበር የሚያወራው። የጎረቤቱን እረኛም አነሳ፤ ጤና አጥቶ ዳገቱ ስላቃተው ጎረቤቱ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመትቶ ወደ አገሩ ሸኝቶታል። «ጀበል እግር ይፈልጋል» አለ ባባ፤ ተራራ ማለቱ ነው። በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ ስለ መኪና ጎማ እንደሚያወራ ነው ያለው።

የመኪናው መንገድ የሚያልቅበት ቦታ ይመር አበባውን ደፍቶ፣ ዱላውን በሁለት ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ባባ ልጆቹን አወረደ፣ ሚስቱን ማዳምን አወረደ፣ ድስቱንም አወረደ። ወደ እኔ ዞሮ «ያ ሐጃ፣ አንቺ እዚሁ መኪናው ጋ አረፍ በይ» አለኝ።

«ድስቱስ?» አልኩ።

«ድስቱ ይወጣል።»

«ድስቱ ወጥቶ እኔ የምቀረው በየትኛው ፍርድ ነው? የሠራሁት እኔ፣ የሚበላው ተራራ ላይ፣ እኔ ጎማ ስጠብቅ ልዋል?»

ግማሹን በዓረብኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነበር ያልኩት። ባባ ወደ ይመር ዞሮ «ምን አለች?» አለው። ይመርም «ሐጃዋ ካልወጣች ጨው ያልገባበት ቦታ አለ ትላለች» ብሎ ተረጎመለት። ባባ ስቆ «ያላ፣ ትውጣ» አለ። ይህችን ውለታ አልክድም፤ በሐሰት ትርጉም ቢሆንም ያስወጣኝ ይመር ነው።

ቤተሰቡ እንደ ጥጃ ፊት ፊት ሮጠ። ይመር ድስቱን ትከሻው ላይ አወጣ፤ እኔ ፔርሙዙንና ዳቦውን ያዝኩ። መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነው። በግራ ገደል፣ በቀኝ የጽድ ዛፍ፤ ከላይ ዝንጀሮዎች ተደርድረው ሠርግ እንደሚያይ ሰው ያዩናል።

«የሐይቅ ሰው ተራራ ሲወጣ ዛሬ ገና አየሁ» አለ ይመር። እኔ የሐይቅ አካባቢ ሰው ነኝ፤ እሱ ከለጋምቦ ደጋ ነው። «ዓሣ ዳገት አይወጣም ሲሉ እሰማ ነበር።»

«አንተ የደጋ ገብስ! ዝም ብለህ ድስቱን አታወዛውዘው።»

«ይኸው እኮ፣ ተራራ መውጣት መዝናናት ነው ይላል ባባ። ሰማሽው?»

ሰምቼዋለሁ። ይመር መጀመሪያ ወደዚህ አገር የገባው በየመን በኩል በእግሩ ነው፤ እንዲህ ባሉ ተራሮች መሀል፣ ቀን ዋሻ ውስጥ ተኝቶ። ወረቀት ያገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። ደረቱን፣ ኢቃማውን የሚይዝባትን ኪስ፣ መታ መታ አደረገና «እትዬ፣ ኢቃማ ይዤ ለሽርሽር ተራራ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዝንጀሮዎቹ እንኳ ወረቀት ቢጠይቁኝ አሳያቸዋለሁ» አለ። ሁለታችንም ቆመን ሳቅን።

የመጀመሪያው ኩሬ ትንሽ ነው፤ የእንቁራሪት ልጆች ይርመሰመሱበታል። ባባ ሐይቅ ነው ብሎ ፎቶ አነሳው። እኔ ሐይቅ የሚባለውን ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ሲቀዝፍበት እያየሁ ያደግኩ ሰው፣ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ግን ዝም አሰኘኝ። ዙሪያውን ቋጥኝ ከቦት፣ ውሃው አረንጓዴ፣ ጥልቅ፣ ከቋጥኙ ስንጥቅ አንድ የበለስ ዛፍ ተንጋዶ የራሱን መልክ ያይበታል። ይመር ፍየሎቹን የሚያጠጣው እዚያ ነው። ውሃ ሲጠጡ ማዶ ቁጭ ብሎ የአገሩን ሰዎች በስማቸው እየጠራ ዱዓ እንደሚያደርግላቸው የነገረኝ እዚያ ነው።

«ለተጣላሃቸውም?»

«ለእነሱማ ፍየሎቹን እያየሁ ነው የማደርገው፤ እንዳልረሳቸው።»

ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያለው ዳገት ነው ነገሩን ያመጣው። ቤተሰቡ ከዓይናችን ጠፍቷል፤ ሳቃቸው ብቻ ከላይ ይወርዳል። ይመር ቀልዱን አቆመ። ቀጥሎ እግሩን አቆመ። ድስቱን ቀስ አድርጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና «እትዬ፣ ደክሞሻል። አረፍ እንበል» አለኝ።

«ማን? እኔ?»

«ትንፋሽሽ ይሰማል።»

«የሚሰማው ያንተ ነው!»

ዞሬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ በዚያ ብርድ ከግንባሩ ላብ ይንጠባጠባል። አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው። ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቼ አጠጣሁት። ራሱ ላይ ያለውን አበባ አውልቄ በውሃ አራስኩና ግንባሩን ጠረግኩበት። «እንመለስ» አልኩት። «ባባ ምን ይላል?» አለኝ።

ስለዚህ ድስቱን በሻርፔ እንደ ልጅ አዘልኩት። የታዘለ ነገር ካለ ድስቱ ነው፤ ያዘልኩትም እኔ ነኝ። የይመርን ዱላ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን ጫፍ ለእሱ ሰጠሁት፤ እየጎተትኩት፣ እየቆምን፣ እያረፍን ወጣን። ጫፉ ላይ ልንደርስ ስንል «እትዬ፣ ድስቱን ስጪኝ» አለ። ሰጠሁት። ያኔ የወንድነት ነገር መስሎኝ ነው።

ሦስተኛው ኩሬ ላይ እነሱ ምንጣፍ ዘርግተው ርቧቸው ጠበቁን። ቦታው ሰማይ ቤት ነው። ደመናው መጥቶ ውሃው ላይ ይቀመጣል፤ ይነሳል፤ ሲነሳ ከበታችን ሌሎች ተራሮች፣ ከእነሱም ወዲያ የየመን ተራሮች ይታያሉ። እሱን እያየሁ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ነው ባባ «ምነው ዘገያችሁ?» ያለው።

ይመር ድስቱን አስቀመጠ። ቀና አለ። ሳቀ።

«ሐጃዋ ደከመችብኝ። ከታችኛው ኩሬ ጀምሮ አዝያት ነው የመጣሁት» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ የሳቁ ነገር አይነሳ! «ማሻ አላህ፣ ይመር አንበሳ ነህ» አለው ባባ፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ነው፤ ሽንኩርትና ጨው እንጂ ስም ማጥፋት የሚል ቃል የለበትም። «ላ! ላ!»፣ አይደለም አይደለም፣ ብቻ አልኩ። ማዳም አፍሬ መስሏት ብርድ ልብስ አለበሰችኝ፤ ብርቱካን ልጣ በእጇ አጎረሰችኝ። ተናድጄ ልሞት ነበር። ብርቱካኑን ግን በላሁት።

ቁልቁለቱ ላይ ይመር እንደ ፍየል ዘለለ። ደረስኩበትና «አንተ ቀጣፊ! ምን አደረግኩህ?» አልኩት።

«ኸላስ እትዬ፣ ተራራ ላይ የተባለ ተራራ ላይ ይቀራል።»

አልቀረም። በሚቀጥለው ጁምዓ ሳምጣ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። የዕረፍት ቀናችንን ሉባባ የምትባል የአገር ልጅ የተከራየችው ቤት ነው የምናሳልፈው፤ ከበሩ ስገባ «የታዘለችው መጣች!» አሉኝ። ሳቅኩ። በሳምንቱም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ መሳቂያ አልሆነም።

ምክንያቱም እኔ እዚያ ቤት ሥራ ነበረኝ። ወሎ ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ እውነቱን አጣርተው የሚፈርዱ አባቶች አሉ፤ አበጋር ይባላሉ። ሴት አበጋር አይታወቅም። ሳምጣ ያሉ ሴቶች ግን ሲጣሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጡት። «አበጋሯ» ይሉኝ ነበር፤ ለቀልድ ቢሆንም ፍርዴን ይቀበሉ ነበር። ለማንም አላዳላማ። ታዲያ አንድ ጁምዓ አንድ ክፍል የሚጋሩ ሁለት ሴቶች በማቀዝቀዣው ሥር ባለው አልጋ ተጣልተው መጡ። ሰማኋቸው፤ በየተራ ይተኙ ብዬ ፈረድኩ። የተፈረደባት ተነሳችና «እትዬ፣ ስለ ራስዎ እግር እውነት ያልተናገሩ፣ በእኛ አልጋ እንዴት ይፈርዳሉ?» አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጉዳያቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ወደ እኔ የሚመጣ ቀነሰ። ሰው ወጥ አበላሸች ቢለኝ እችላለሁ። ዋሸች ሲለኝ ግን ምን ይቀረኛል?

ይመር ሲወርድ ጠብቄ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ያንን ቤት ሸንጎ አደረግኩት።

«ይመር፣ ተጠየቅ!»

«እጠየቃለሁ እትዬ» ብሎ ቆመ፤ አበባውን አስተካከለ።

«ድስቱን ያዘለ ማነው?»

«አንቺ።»

«ድስት ያዘለች ሴት እንዴት ትታዘላለች?»

«አንቺ ድስቱን አዘልሽ፣ እኔ አንቺን አዘልኩሽ። ሁለታችሁንም ነው ያወጣኋችሁ።»

ሉባባ ከሳቋ ብዛት ግድግዳ ያዘች። እኔ ጮህኩ። አዎ፣ ጮህኩ! ደረቱን ይዞ እንደተቀመጠ፣ ፊቱ አመድ እንደመሰለ፣ በዱላ እንደጎተትኩት፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ድምፄ ከፍ ባለ ቁጥር ሳቁም ከፍ አለ።

«እትዬ፣ ይሄንን እንኳ ይተዉት» አለችኝ ሉባባ ዓይኗን እየጠረገች። «ይመር ነው ዳገት የሚያደክመው? ያ ተራራ የወለደው?»

«እንግዲያው ይማል! ወላሂ ይበል!»

ይመር ዱላውን አነሳ። «ፍየሎቹ ብቻቸውን ናቸው» ብሎ ወጣ።

ባባም ጭምር ይወደው ነበር ያንን ወሬ። ይመር በመጣ ቁጥር «ዛሬ ሐጃን አዝለህ ተራራ አትወጣም?» ይለዋል፤ ይመር ወገቡን ይዞ እንደ ከበደው ሰው ጎንበስ ይላል፤ እኔ ማማሰያዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ቤቱ ይስቃል። እንዲህ እያለ ዝናብ ሄዶ ዝናብ መጣ። ይመር ግን ወደ እኛ ሲመጣ ከመኪናው የሚወርደው ቀስ ብሎ ነበር። አየሁ፤ አልጠየቅኩም። ኩርፊያ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ልጁ ከድጃ የነርስነት ትምህርቷን ጨረሰች። ይመርም በቃኝ ብሎ ባባን በራሱ አፍ ኹሩጅ ጠየቀ። ሊሄድ ሲል መኪናው ድረስ ወጣሁ። የመንገድ ስንቅ ሰጠሁት፤ ኩርፊያ ሌላ፣ መንገደኛን ማስራብ ሌላ።

«ሐቄን ሳትመልስ ልትሄድ ነው?» አልኩት።

እጄን በሁለት እጁ ያዘው። ለአንድ አፍታ ሊነግረኝ መስሎኝ ነበር።

«ሐቅሽ እኔ ዘንድ ነው እትዬ፤ በአማና፣ በአደራ ይዤዋለሁ» አለና መኪናው ውስጥ ገባ። በመስኮቱ «ዘይነብ! ገደል እንዳትገቢ!» ብሎ ጮኸ። ሄደ።

ይህን ሁሉ ነው ለከድጃ በስልክ የነገርኳት። ስጨርስ ከወዲያ ማዶ የታፈነ ድምፅ ተሰማኝ። አስቀየምኳት ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅም ልቅሶም እየታገላት ነው።

«እማማ፣ ይሄንን እኔም ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። «ታሞ ተኝቶ ሳለ ነው የነገረኝ። ልቡን የታመመው እዚያ ተራራ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው። ሐኪም ዳገት ተው ብሎት ነበር። ባባ ካወቀ ይሸኘኛል፣ ከተሸኘሁ ደግሞ የልጄ ትምህርት ይቆማል ብሎ ደበቀ። ያን ቀን ባባ ምነው ዘገያችሁ ሲለው በእርስዎ አሳበበ። ሳምጣ ወርዶም ያወራው ባባ ጆሮ እንዲደርስ ነው።»

ተቀመጥኩ። ቆሜ እንደነበር እንኳ አላወቅኩም።

«እኔን ለምን አልነገረኝም ታዲያ?» አልኳት። «አንድ ጊዜ ጠጋ ብሎ፣ እትዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ቢለኝ፣ በአላህ ይሁንብኝ፣ አፌን ዘግቼ እቀመጥለት ነበር!»

«እኔም ይሄንኑ ነው የጠየቅኩት» አለችኝ ከድጃ። «አባቴ ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ብነግራትማ ዝም ትልልኝ ነበር። ዘይነብ ዝም ካለች ደግሞ አንድ ነገር እንዳለ ሳምጣ በሙሉ ያውቃል።›»